ፊቱን ያዞረው ሥዕል

አምቦ ውስጥ ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ፣ ስሟን ባይሰማም፣ የድንቅቱን ሥራ አይቷል። ጎማ ጠጋኙ በር ላይ የተሰቀለው፣ ፈገግ ያለ የሚመስለው ጎማ የእሷ ነው። ሥጋ ቤቱ ላይ ያለው፣ ሊታረድ መሆኑን ገና ያልሰማው ደስተኛ በሬም የእሷ ነው። ወንዶች ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ራሶች፣ ቁርጣቸው ቢለያይም ፊታቸው የአንድ ሰው የሆነው፣ እነሱም ከእሷ እጅ የወጡ ናቸው። ፊቱ የማን እንደሆነ ስትጠየቅ «የማንም አይደለም፤ እጄ የለመደው ፊት ነው» ትላለች። ይህን መልስ እንያዘው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ላሜራ ላይ እንዴት እንደሚሣል ማወቅ ደስ ይላል። መጀመሪያ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ከዚያ ዝገት የሚከለክለው ቀይ ቀለም ይቀባል፤ እሱ ሲደርቅ መደቡ፣ መደቡ ሲደርቅ ሥዕሉ ይከተላል። የዘይት ቀለም አንድ ደግ ጠባይ አለው። ትናንት የተቀባውን፣ አኳራጅ የተባለው ቀለም ማቅጠኛ የነካው ጨርቅ ጠርጎ ያነሣዋል፤ ሳምንታት የደረቀውን ግን ብትፈትጉትም አይሰማም። ስለዚህ ሠዓሊ ሐሳቡን የሚለውጥበት አንድ ሁለት ቀን አለው። ድንቅቱ ይህን ጊዜ «የንስሐ ጊዜ» ትለዋለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፈገግ የሚል ጎማ የምትሥል፣ ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት እንዴት የከተማውን እጅግ የሚያስፈራ ሥዕል ሠራች? ከመነሻው እንሂድ።

መነሻው የኦቦ መርጋ ቪዲዮ ቤት ነው። ስልክ ሁሉ ሲኒማ ከመሆኑ በፊት የተወለደ ሰው ቪዲዮ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሌላው ግን እንዲህ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ ያለው አዳራሽ፣ በሸራ የተደፈኑ መስኮቶች፣ ከፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበሮች። የዚህኛውን ቪዲዮ ቤት ከሌሎቹ የሚለየው ባለቤቱ ነበሩ። ኦቦ መርጋ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ፊልሙን በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ይተረጉማሉ። ፊልሙ የሚናገርበትን ቋንቋ አያውቁትም፤ ይህ ግን አንድም ቀን አግዷቸው አያውቅም።

የካራቴውና የሕንዱ ፊልም ሲያልቅባቸው የሚያወጧቸው፣ ከአንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ የተገኙ ጥቁርና ነጭ የማስፈራሪያ ፊልሞች ነበሯቸው። ከሬሳ ሣጥን የሚነሣ ባለ ካባ ባላባት፣ ጭጋግ የዋጠው መቃብር፣ በራሱ የሚከፈት በር። ዝናባማ ከሰዓት ላይ እነዚህ ይታያሉ። ባላባቱ አንድ ቀን አማቹን የሚያሳድድ ሽማግሌ ሆኖ ይተረጎማል፤ በሌላ ቀን ያው ፊልም ስለ ጠፋች በቅሎ ይሆናል። ሰዉ አንዱን ፊልም ደጋግሞ የሚያየው ለዚህ ነበር።

ድንቅቱ ልጅ ሳለች መግቢያዋ ጠመኔ ነበር። የዕለቱን ፊልም በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትሥላለች፤ ከዚያ በነፃ ገብታ ከፊት ትቀመጣለች። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው አለቃ ተሬፋ ዘንድ ቀለም ለመበጥበጥ ገባች። ያን ፊት፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉትንና ቀጥ ብሎ የሚያየውን፣ እጇ የለመደው እዚያ ነው። አለቃ ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ «ዓይን መጨረሻ ይሣላል። አንዴ ከሣልሽው ያይሻል። ብታጠፊውም ያይሻል።»

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ነገሮች አርጅተው ነበር። አንዱ የድንቅቱ ሙያ ነው፤ ሰው ባነር ማሳተም ጀምሯል፣ በሬውም ከኮምፒውተር ይመጣል። ሁለተኛው ከዓመታት በፊት የተዘጋው የኦቦ መርጋ አዳራሽ ነው። የኦቦ መርጋ ልጅ ቶኩማ ሲሚንቶ ነጋዴ ስለሆነ አዳራሹን ለመጋዘን ፈልጎታል።

«አባኮ፣ ሲሚንቶ ዝናብ አይወድም» አላቸው። «እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ከአይጥ በቀር የሚኖር የለም።»

«አይጦቹ ፊልም ለምደው ነው የማይለቁት» አሉ ኦቦ መርጋ።

ተከራክረው ተከራክረው አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው የነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ ኦቦ መርጋ አንድ ፊልም ያሳያሉ። አዳራሹ ከሞላ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሳቸው ሆኖ ይቀራል። ካልሞላ ሰኞ ሲሚንቶው ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ ይወጣል። ቃል ተሰጣጥተው ተለያዩና ኦቦ መርጋ በቀጥታ ወደ ድንቅቱ መጡ።

«በሩ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ሥሪልኝ። ያየው ሰው ደንግጦ ‹ውስጥ ምን አለ?› ብሎ እንዲገባ።»

«ኦቦ መርጋ፣ እኔ እኮ የሚስቅ ጎማ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ የማይስቅ ሥሪ!»

ድንቅቱ ሳቀች፤ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አላት። በሕይወቷ የሣለችው ሁሉ የሌላ ሰው ጎማ፣ የሌላ ሰው በሬ ነው። ይሄኛው ከልጅነቷ ጀምሮ በራሷ ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠ ነው። ሰው ማስፈራት ትችል እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ካልቻለች ደግሞ በጠመኔ የገባችበት አዳራሽ የሲሚንቶ ቤት ይሆናል።

ሥራውን በብሩሽ አልጀመረችም፤ በማየት ነው። ኦቦ መርጋ የማጫወቻውን አቧራ እፍ ብለው አሮጌውን ካሴት ከተቱ። ባላባቱ ከሣጥኑ ቀና ሲል ድንቅቱ «እዚህ ጋ ያቁሙልኝ» አለች።

ኦቦ መርጋ ማቆም አልወደዱም፤ አፋቸው በትርጉም ሞልቷል። «እዚህ ላይ ምን እንደሚል ልንገርሽ?»

«አውቃለሁ፣ አማቹን ነው የሚፈልገው።»

«ዛሬ አይደለም። ዛሬ ጫማውን ሰርቀውት ነው የተነሣው።»

በሚንቀጠቀጠው ምስል ላይ የመጀመሪያውን ምስጢር አገኘች። ብርሃኑ ከታች ነው የሚመጣው። ነገሩ ቀላልና ድንቅ ነው። ፀሐይም አምፖልም ከላይ ነው የሚያበሩልን፤ ብርሃን ከአገጭ ሥር ሲመጣ ግን የአፍንጫው ጥላ ሽቅብ ወደ ግንባር ይወጣል፣ ፊት የተገለበጠ ይመስላል። ለማረጋገጥ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ኦቦ መርጋን የእጅ ባትሪ አገጫቸው ሥር አስያዘቻቸውና በከሰል ካርቶን ላይ ነደፈች። እሷን አስፈራት። ካርቶኑን ለሙከራ በር ላይ አቆመችውና ከውስጥ ማዳመጥ ጀመረች።

አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቆመ። «አባቴን ይመስላል!» አለ። «እሳት ዳር ሆኖ ተረት ሲነግረን ልክ እንዲህ ነበር።»

ከኋላው የመጣች ሴት ጠጋ ብላ አየችና «ድንች እየጠበሰ ነው?» አለች።

ይህ እጅግ የሚገርም ነገር ነው። ያን ፊልም የሠሩት ሰዎች ፊት ከታች ሲበራ የሚያዩት አልፎ አልፎ ይሆናል። ከወንጪ እስከ አምቦ ባለው ደጋ ያደገ ሰው ግን ያየው በየምሽቱ ነው። ለእሱ ያ ብርሃን የምድጃ ብርሃን ነው፤ የአባትና የእናት ፊት፣ የእራትም ሰዓት ነው። ድንቅቱ ካርቶኑን አነሣችና ከታች የሚመጣውን ብርሃን ተወችው።

ቀጥሎ ከፊልሙ ሌሎች ነገሮችን መረጠች። ረዥሙን ጥቁር ካባ ወሰደች። ባላባቱ ደጃፍ ላይ ሲቆም ከራሱ በስተኋላ የምትወጣውን ሙሉ ጨረቃ ወሰደች። ሰውን ለማፍዘዝ ከፍ የሚያደርገውን ቀኝ እጁን፣ ረዣዥም ጣቶቹንም ወሰደች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ ሳለች አግዳሚው ላይ ያደረቃትን አስተያየት ወሰደች፤ ባላባቱ በሁለት ዓይኑ ቀጥ ብሎ ተመልካቹን ያየዋል። ጥርሱ ላይ ግን እጇ ሰነፈ። አፍ ከፍቶ መሣል ነውር ነው ብለው አለቃ ስላሳደጓት፣ ከተዘጋው ከንፈር ሥር ሁለት ጫፎች ብቻ ብቅ አደረገች። ላሜራው የሰው ቁመት ነበረው። ጥቁሩን ከጥቁር ብቻ አልሠራችውም፤ ብቻውን ጥቁር እንደ ከሰል ይሞታል፣ ስለዚህ ሰማያዊና ትንሽ ቀይ አስገባችበት። ነሐሴ እንደገባ ሥዕሉ በሩ ላይ በምስማር ተመታ።

በማግስቱ ጠዋት ድንቅቱና ኦቦ መርጋ ውጤቱን ለማየት ከበሩ ኋላ ተሸሸጉ። መጀመሪያ ያለፉት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እማማ መንበረ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው በምርኩዝ ወደ ኪዳን የሚሄዱ ባልቴት። ሥዕሉን አዩ። ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው የላሜራውን የታችኛውን ጥግ ሳሙት።

«የትኛው ጻድቅ ነህ አባቴ?» አሉ በለሆሳስ። «ጾም ጎድቶህ ጥርስህ እንኳ ገጥጦ!»

ኦቦ መርጋ ውስጥ ሆነው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ያ ዋቃ!» አሉ። «ድንቄ፣ ደም መጣጩን አመነኮስሽው!»

እማማ መንበረ ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያ ሳምንት ጋሪ ነጂው ባርኔጣውን እያወለቀ ማለፍ ጀመረ። አንድ ሰው ከሥዕሉ ሥር ቀጤማ ጎዝጉዞ ሄደ። እማማ መንበረ በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ይስማሉ፣ አንዳንዴም ስለ ጉልበታቸው ያዋዩታል። በመጨረሻ አዲሱ ጻድቅ ማን እንደሆነ እንዲነግሯቸው አለቃ ተሬፋን አስጠሩ።

አለቃ መጡና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ረዥም ጊዜ አዩት። «ማንን ነው የሣልሽው?»

«ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም የሚጠጣ ባላባት ነው፣ አለቃ።»

አለቃ እንደገና ወደ ሥዕሉ ዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንቅቱ የተቆጡ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር።

«ካባ አለበስሽው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ከራሱ ኋላ ብርሃን አደረግሽለት። ቀኝ እጁን ለቡራኬ አስነሣሽው። ሁለት ዓይኑን ከፍተሽ ወደ ሰው መለስሽው። ከዚያ ‹ለምን አልፈሩትም› ትያለሽ?»

«ጨረቃ እኮ ናት…»

«ለማን ነው ጨረቃ? ለአንቺ!»

«ክፉ ሰው በጎን እንደሚሣል አስተምረውኛል፤ አልረሳሁትም። ይሄ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም፣ ፊልም ነው ብዬ ነው።»

«ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ዓይናቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ነው።»

ይህን ሕግ ለማያውቅ ሰው፤ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከሃዲው፣ ገዳዩ፣ ሰይጣኑ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከግድግዳው ላይ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ድንቅቱ ፊልሙን በትክክል ቀድታለች። የቀዳችው ግን በሌላ አገር ዓይን የሚያስፈራውን ነው።

«ለመንበረ እውነቱን ንገሪያት» ብለው አለቃ ወደ ወንጪ ሄዱ፤ እዚያ የሚያድሱት አሮጌ ሥዕል ነበራቸው።

ድንቅቱ ልትነግራቸው ሞክራለች። በየጠዋቱ በሩን ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። እማማ መንበረ ግን ሲመጡ ገና ከሩቁ «ይህን የሣለች እጅ ትባረክ» እያሉ ነው። እንዲህ የሚሉ ባልቴት ላይ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? «እማማ፣ የሚያዋዩት ሰው ደም ይጠጣል» ይባላል? ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች ፍልሰታ ተፈታ፤ የነሐሴ የመጨረሻው ዓርብም ደረሰ።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አደረገው። ውጭ ሰው አልነበረም። ድንቅቱ በርጩማ ላይ ቆማ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ክፈፍ ከዝናቡ እያስጠለላት፣ ሥዕሉን አስተካከለች። ሐሳቧ ሙሉውን ሰውዬ ወደ ጎን ማዞር ነበር፤ ግን ለዚያ ጊዜውም ቀለሙም አልበቃትም። ስለዚህ ራሱን ብቻ ለወጠችው። አሮጌውን ፊት በመደብ ቀለም ሸፈነችው፣ በላዩ ላይ በጎን የሚታይ ፊት ሣለች፣ አንዱን ዓይን ደግሞ በጎን ወደ ተመልካቹ እንዲያይ አንሸራተተችው። ደረቱ፣ ካባው፣ የተነሣው እጅ እንደነበሩ ቀሩ። ዝናቡ ሳያባራ ጨርሳ ገባች።

ምን እንዳደረገች የገባት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

«ዞሯል!»

የእማማ መንበረ ጩኸት ነበር። ምርኩዛቸው መንገዱ ላይ ወድቋል። «ዞሯል! ፊቱን አዞረ!»

ነገሩን በእሳቸው ዓይን እንየው። ለሳምንታት በየጠዋቱ የሳሙት ሰው፣ ቀጥ ብሎ ሲያያቸው የከረመው፣ ዛሬ እዚያው ላሜራ ላይ፣ በዚያው ካባ፣ እጁን እንዳነሣ፣ ከአንገቱ በላይ ብቻ ዞሮ በአንድ ዓይን በጎን ያያቸዋል። የትኛውም ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

የገበያ ቀን ስለሆነ ወሬው በጋሪ ሄደ፣ በባጃጅ ተመለሰ። ከወንጪ ድንች ጭነው የመጡ ሰዎች ፈረሳቸውን ይዘው ቆሙ። አንዱ ባጃጅ ነጂ «አንገቱ ሲዞር ሰምቻለሁ፤ ቀጭ ነው ያለው» አለ።

«ላሜራ ነዋ! ሲቀዘቅዝ ይጮሃል።»

«ላሜራ ከሆነ አንተ ምን ወደ ኋላ ያስኬድሃል?»

«መኪና እንዳይገጨኝ ነው።»

ቶኩማ ራሱ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያያል፤ ወደዚህ ለመሻገር አልቸኮለም። ኦቦ መርጋ በደስታ እጃቸውን እያፋተጉ ነው። «ሞላልን! ድንቄ፣ በሩን ልክፈት? ሁሉም ይገባል!»

ድንቅቱ ግን ሕዝቡን አላየችም። ያየችው ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን እማማ መንበረን ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

«ከእኔ ነው ያዞረው» ይላሉ። «ጾሙን ሁሉ ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፌ ነው የጾምኩት። አወቀብኝ።»

ድንቅቱ ሰው ማስፈራት ፈልጋ ነበር፤ ይኸው አስፈራች። ግን በፊልም የሚፈራ ሰው ሲወጣ እየሳቀ ነው። ይሄ ሌላ ነው።

«ልነግራቸው ነው» አለች።

«ተይ!» አሉ ኦቦ መርጋ ክንዷን ይዘው። «ተአምር አይደለም ካልሽ ማን ይገባል? ዛሬን ብቻ ዝም በይ። ሰኞ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እስከ ሰኞ ያለቅሳሉ፣ ኦቦ መርጋ።»

ኦቦ መርጋ ወደ ድንጋዩ አዩ፣ ወደ አዳራሻቸው አዩ፣ ማዶ ወደ ቆመው ልጃቸው አዩ። ራሳቸውን አከኩ። ከዚያ ገብተው በርጩማውን ይዘው መጡ። «ውጪበት» አሉ። «እግሩ ይወዛወዛል፣ እኔ እይዝልሻለሁ።»

ድንቅቱ ወጥታ ሥዕሉ የእሷ እንደሆነ፣ ትናንት በዝናብ ውስጥ ራሱን እንደለወጠችው ለሕዝቡ ተናገረች።

«አንቺ?» አለ ባጃጅ ነጂው። «ጎማ ሠሪዋ?»

«ውሸቷን ነው! ተአምሩን ልትወስድ ነው!» አለ ሌላ።

ስሟ የትም ቦታ ስላልተጻፈ ማንም አላመናትም። እንግዲህ የንስሐ ጊዜ ያልነውን እናስታውስ። ድንቅቱ ጨርቁን አኳራጅ አስነካችና በአዲሱ ጉንጭ ላይ አሸችው። የዓርቡ ቀለም ለቀቀ። ከሥሩ፣ የደረቀውና የማይነካው፣ አሮጌው ዓይን ወጣ። ከጉንጩ መሐል፣ ተከፍቶ፣ ቀጥ ብሎ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸና ወደ ኋላ ሸሸ። ባጃጅ ነጂው ድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፈረስ ደንግጦ አሽካካ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። የራሳቸውን ጩኸት ሰምተው ነው የሳቁት።

እማማ መንበረ ተነሥተው ቀረቡ። «ይሄ ዓይን አሁንም እኔን ያያል።»

«እኔ ነኝ የሣልኩት፣ እማማ። እርስዎን አያውቅም። ፊቱን ያዞርኩትም እኔ ነኝ። ቀደም ብዬ ልነግርዎ ይገባ ነበር።»

«እና ማነው?»

«ፊልም ውስጥ ያለ፣ የሰው ደም የሚጠጣ ሰው ነው።»

«ጥርሱ ከጾም አይደለም?»

«ጾም አያውቅም፣ እማማ።»

እማማ መንበረ ዓይናቸው ፈጠጠ። «በፍልሰታ ደም ይጠጣ ነበር?»

«በፍልሰታም።»

ባልቴቷ ምርኩዛቸውን አንሥተው ላሜራውን አንድ ጊዜ በኃይል መቱት። ከዚያ ወደ ኦቦ መርጋ ዞሩ። «ክፈት። ማንን ስስም እንደከረምኩ ልየው።»

ተአምር ፍለጋ የመጡት ጥቂቶች ወደ ገበያቸው ተመለሱ። ሌላው ግን አየ፤ ኪዳን የማያስታጉሉት እማማ መንበረ ቪዲዮ ቤት ገብተው ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ። ይህ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። ተከትለው ገቡ፤ አግዳሚው ሲሞላ ግድግዳውን ተደገፉ። ቶኩማ በመጨረሻ መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ፣ መግቢያ አጥቶ በበሩ ስንጥቅ ነው ያየው።

ኦቦ መርጋ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሙ። ባላባቱ ከሣጥኑ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ይህ ሰው» ሲሉ ጀመሩ፣ በዓይናቸው ጫፍ ወደ ፊተኛው ወንበር እያዩ፣ «ከጎረቤቱ ጋር እንደተኳረፈ የሞተ ነው። ማረፍ ያቃተውም ለዚህ ነው…»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ!» አሉ እማማ መንበረ። «ነገ እታረቃታለሁ። አሁን ቀጥል!»

ያ ሁሉ አዳራሽ በሳቅ ተናወጠ። ባላባቱ አንዲት ልጃገረድ ላይ ጎንበስ ሲል ደግሞ የእማማ መንበረ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር፤ «ሽሺ! አንቺ ልጅ፣ ሽሺ! እኔም አምኜው ነበር!»

ቶኩማ ቃሉን ጠበቀ፤ እንደ ነጋዴም ጠበቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ የአባቱ ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ግን ባዶ መሆኑ ስለከነከነው ሲሚንቶውን ከኋላ በኩል ደረደረ። አሁን ዘግይቶ የመጣ ሰው ጆንያው ላይ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ከኋላው አመድ የለበሰ መንፈስ ይመስላል። ኦቦ መርጋ ይህም የፊልሙ አካል ነው ይላሉ።

አለቃ ተሬፋ ከወንጪ ሲመለሱ ሥዕሉን እንደገና አዩት። ድንቅቱ ጉንጩን አላስተካከለችውም፤ በጎን ያለው ፊት፣ ከጉንጩ የሚያየው አሮጌው ዓይን፣ የጨርቁ ፋቅታ ሁሉ እንዳለ ነው። አለቃ አገጫቸውን ዳበሱ። «ክፉ ነው እንዳልል ሁለት ዓይን አለው። ጻድቅ ነው እንዳልል ፊቱ ዞሯል።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ገና ያልወሰነ ነው» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የታችኛውን ጥግ፣ መሳም ያደበዘዘውን ቦታ በጣታቸው ነኩ። «እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊ። ሁለተኛ ‹ዋሸች› እንዳይሉሽ።»

ጻፈች። የድንቅቱ ስም ያለበት የመጀመሪያው ላሜራ ይህ ነው።

እማማ መንበረ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በዚያው በኩል ነው ወደ ኪዳን የሚሄዱት፤ አሁን የታረቋት ጎረቤታቸው ክንዳቸውን ይዛ። ሥዕሉን አይስሙም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም ይሉና ምርኩዛቸውን ወደ ጉንጩ ያነሣሉ።

«አካም ቡልቴ፣ አንተ ሌባ» ይሉታል። «ዛሬስ ምን በላህ?»

መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ፤ ጎረቤታቸው ግን ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ ወደ ኋላ ታያለች።